አሮጌ ጀልባ ማደስ ማለት ምን ማደስ ነው?



ዛሬ የምናገረው ስለ ጀልባ ነው። ርእሱ ለዚህች ከተማ ለመርሳ ሩቅ እንደሚመስል አውቃለሁ። መርሳ የማንጎና የብርቱካን፣ የማሽላና የጤፍ አገር ናት። የወረዳችን የሀብሩ ወንዞች ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ይወርዳሉ፤ ሚሌ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ይሁን እንጂ በደሴ መንገድ ሁለት ሰዓት ያልሞላ ጉዞ ሐይቅ ከተማ ያደርሳል። እዚያ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውኃ አለ፤ በዚያም ውኃ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ዛሬ ከየብስ የተገናኘው ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ሲያስተምሩበት ደሴት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ሊማሩ የሄዱት ውኃ ተሻግረው ነው። ወደ ምሥራቅ ከሄድንም ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚገባውን መንገድ ከወሎ ሰው የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ ስንቱ የወሎ ልጅ በአሰብ ወደብ ሠርቶ ኖሯል። ስለዚህ ስለ ጀልባና ስለ ባሕር ዳርቻ ኑሮ መርሳ ላይ መነጋገር ከሰው ቤት ገብቶ ማውራት አይደለም። የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፤ ያረጀ ጀልባ ታደሰ የሚባለው እንጨቱ ስለዳነ አይደለም። ጀልባውን እንደገና ሊሠራ የሚችል እጅ፣ የሚሠራበት ቁስና የሚኖርበት ዳርቻ ሦስቱም አብረው ሲተርፉ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በእጃችን የሚቀረው የጀልባ ሬሳ ነው።

ማስረጃዬን ከቀይ ባሕር ልጀምር፤ ትልቁ ኪሳራችን ያለው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ አፄ ካሌብ የናግራንን ክርስቲያኖች ደም ለመመለስ በየመን ወደነበረው የሒምያር መንግሥት ሲዘምቱ ሠራዊታቸው የተሻገረው በአዱሊስ ወደብ፣ በገበዛ በኩል ነው። የቅዱስ ሒሩትን ሰማዕትነት የሚተርከው ጥንታዊ የግሪክኛ ጽሑፍ መርከቦቹን በየመጡበት ወደብ ይቆጥራቸዋል፤ 15ቱ ከአይላ፣ 20ው ከቁልዝም እያለ በድምሩ 60 የነጋዴ መርከቦች እንደተሰበሰቡ ይናገራል። ከእነዚህ ሌላ ንጉሡ ራሳቸው በክረምቱ 10 መርከቦች አሠሩ። ይህን ቁጥር ልብ እንበለው። አንድ መንግሥት በአንድ ክረምት አሥር የባሕር መርከብ አሠርቶ ለማውጣት እንጨት የሚመርጥ፣ ሳንቃ የሚጠርብ፣ ገመድ የሚገምድ፣ ሸራ የሚሰፋና ይህን ሁሉ አቀናጅቶ የሚመራ ሰው በወደቡ ዙሪያ ተዘጋጅቶ መኖር አለበት። እንዲህ ያለ ባለሙያ በአዋጅ በአንድ ወቅት አይፈጠርም፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የቆየ የዳርቻ ኑሮ ነው የሚያፈራው።

መርከቦቹ እንዴት እንደተሠሩ የሚነግረን በዚያው መቶ ዘመን የኖረው የቢዛንጥያ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ነው። በዚህ ባሕርና በህንድ የሚገኙ ጀልባዎች ቅጥራን እንደማይቀቡ፣ ሳንቃዎቻቸውም በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ ተያይዘው እንደሚታሰሩ ጽፏል። ምክንያቱን ሲሰጥ ግን ኢትዮጵያውያንም ህንዶችም ብረት የላቸውም፣ ሮማውያንም እንዳይሸጡላቸው በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አለ ይላል። ይህን ምክንያት መቀበል ይከብደኛል። ከአክሱም መሬት በቁፋሮ የወጡ የብረት መሣሪያዎች አሉ፤ ሚስማር መቀጥቀጥ የሚያቅተው ሕዝብ አልነበረም። የተሰፋ ጀልባ የራሱ ብልጫ አለው። የቀይ ባሕር ዳርቻ የኮራል ዓለት የበዛበት ነው፤ በገመድ የተያያዘ ሳንቃ ከዓለት ሲጋጭ ወይም ማዕበል አሸዋ ላይ ሲጥለው እየተለመጠ ጉልበቱን ያበርደዋል፤ በሚስማር የተቸነከረው ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ የተሰፋ ጀልባ ሲሠራ ጀምሮ ለጥገና የታሰበ ነው። ገመዱ ሲላላ ይፈታል፤ የበሰበሰው ሳንቃ ይወጣል፤ አዲስ ይገባል፤ እንደገና ይሰፋል። ለዚያ ዘመን ባሕረኛ ጀልባን ማደስ ከጀልባ ሥራ ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም። በየጊዜው ፈትቶ መስፋት ራሱ የሥራው ክፍል ነበር።

ከዚያ ሁሉ ዛሬ ምን ተረፈ? ከካሌብ መርከቦች አንዲት ሳንቃ በእጃችን የለችም። በኤርትራ ጠረፍ፣ በጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ፣ ከአክሱም ዘመን የሆነ የሰመጠ መርከብ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ጥናት ተደርጎበታል፤ በብዛት የተገኘው ግን ጭነቱ የነበረው የሸክላ ጋን ነው። እንጨት በሞቃት ባሕር ውስጥ ትል ይበላዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የሳንቃው መጥፋት አይደለም፤ እንጨት እንኳን በ1500 ዓመት በ50 ዓመትም ይጠፋል። የሚያሳዝነኝ የስፌቱ እውቀት ከእኛ ዘንድ መጥፋቱ ነው። በሌሎች ዘንድ ግን አልጠፋም ነበር። ቲም ሴቨሪን የተባለው ተጓዥ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1980 በኦማን፣ ሱር በምትባል የወደብ ከተማ፣ እንደ ጥንቱ ያለ ሚስማር የተሰፋ ባለሸራ መርከብ ለማሠራት ሲነሣ ገንዘብም እንጨትም አላነሰውም። ሱር ዕውቅ የመርከብ ሠሪዎች ከተማ ናት፤ በገመድ የመስፋቱ ጥበብ ግን ቀርቶባት ነበር። በመጨረሻ ያዳኑት ከህንድ የላክሻድዊፕ ደሴቶች የመጡ፣ ጀልባ መስፋት ያልተዉ ሰዎች ናቸው፤ የኮኮነት ቃጫ ገመዱን ይዘው መጥተው ሰፉለት። ሶሃር የተባለችው መርከብ በዚያው ዓመት ኅዳር ከሙስካት ተነሥታ በተከታዩ ዓመት ሐምሌ ቻይና፣ ካንቶን ገባች። ጥቂት የደሴት ሰዎች ልማዳቸውን ትተው ቢሆን ኖሮ የህንድ ውቅያኖስ የተሰፋ ጀልባ ታሪክ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀር ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ከግብፅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጊዛ፣ ከታላቁ ፒራሚድ ሥር፣ በድንጋይ በተከደነ ጉድጓድ ውስጥ የንጉሥ ኩፉ ጀልባ ተገኘች። ዕድሜዋ 4500 ዓመት ይሆናል። 1224 ቁርጥራጭ ሆና፣ ተፈታትታ፣ በሥርዓት ተደርድራ ነበር። ሳንቃዎቿ ከሊባኖስ ዝግባ የተጠረቡ፣ በገመድ የሚሰፉ ናቸው። ሥራውን የተረከቡት ሐጅ አሕመድ ዩሱፍ ሙስጠፋ የዕቃ ጥገና ሊቅ ነበሩ እንጂ ጀልባ ሠርተው አያውቁም። ስለዚህ ቁርጥራጮቹን ከመግጠማቸው በፊት በዓባይ ዳር ጀልባ ወደሚሠሩ ተራ አናጢዎች ዘንድ ሄዱ፤ እንጨት እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ሳንቃ ከሳንቃ እንዴት እንደሚገጥም፣ በዓይንና በእጅ እንዴት እንደሚለካ ከእነርሱ ተማሩ፤ ትናንሽ ሞዴሎችም ሠሩ። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ ሲያልቅ ከ43 ሜትር በላይ የምትረዝም ጀልባ ቆመች። ዛሬ በታላቁ የግብፅ ሙዚየም ትገኛለች። እንግዲህ አስቡት፤ የፈርዖንን ጀልባ ከተፈታችበት መልሶ ለመስፋት የ20ኛው መቶ ዘመን የዓባይ ዳር አናጢ እውቀት አስፈልጓል። ጉድጓዱ እንጨቱን ጠበቀ። የእንጨቱን አያያዝ የጠበቀው ግን ማንም የማያውቃቸው፣ ስማቸው በመጽሐፍ ያልገባ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን የመጀመሪያ ተቃውሞ እሰማለሁ። ታላላቅ አገሮች አሮጌ መርከብን በሙዚየም ያስቀምጣሉ፤ እኛም አንዲት ታንኳ በመስተዋት ሣጥን ብናስቀምጥ በቂ አይደለም ወይ? የስዊድኗ ቫሳ መልስ ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ስቶክሆልም ወደብ ላይ ሰጠመች፤ በ1961 ከነሙሉ አካሏ ወጣች። እንጨቷ እንዳይሰነጣጠቅ 17 ዓመት ያህል ኬሚካል ሲረጭባት ኖረች፤ አሁንም ድረስ በውስጧ የሚፈጠረውን አሲድ ለመከላከል ባለሙያዎች አላረፉም። ይህ ድንቅ ሥራ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን የስዊድን ሀብት ያለው አገር ብቻ የሚችለው ነው፤ ቫሳም ዳግመኛ አትቀዝፍም። እነዚያው የሰሜን አገሮች ራሳቸው ሌላውን መንገድ አልተዉም። ሳንቃን በሳንቃ ላይ እየደረቡ ጀልባ የመሥራትና የመቅዘፍ ልማዳቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲያስገቡ ያስመዘገቡት ጀልባን አይደለም፤ ጀልባ መሥራትን ነው። ሙዚየም የሚያስፈልገው እጁ ሲሞት ነው። እጁ በሕይወት ሳለ ወደ ሙዚየም መሮጥ ገና ለሚተነፍስ ሰው መቃብር መቆፈር ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በኢትዮጵያ በሕይወት ያለው ጥንታዊ ጀልባ ከሳንቃ የሚሠራው አይደለም፤ የደንገል ታንኳ ነው። የነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ በ18ኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያን ወንዞች ሲያነሣ የደንገል መርከብን አብሮ ያነሣል። ጣና ላይ ታንኳ ዛሬም አለ። በተለይ ነገደ ወይጦ በሚባሉት ወገኖቻችን እጅ ሲሠራ ኖሯል። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ይጠወልግ ዘንድ ይሰጣል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰርና በልጥ እየተጠበቀ ይገጣጠማል። ውኃ የሚነካው የታችኛው ንብርብር አለ፤ በላዩም ሰውና ጭነት የሚቀመጥበት ሌላ ንብርብር ይደረጋል፤ የታችኛው ውኃ ቢጠጣም የላይኛው ይደርቃል። አፍንጫው ወደ ላይ ይጎብጣል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨትና ቡና ተጭኖ የመጣው በዚህ ነው። ከጉዞ በኋላ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ ይቆማል፤ ውኃው እንዲንጠፈጠፍና እንዲደርቅ። እንደዚያም ተጠንቅቀውት ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ወራት በኋላ ደንገሉ ይጣላል፤ አዲስ ይታጨዳል፤ ያው እጅ ያንኑ ቅርጽ መልሶ ያወጣል። ከዛሬ ሺህ ዓመት በፊት የተሠራ ታንኳ የለንም። ታንኳው ግን አለን። ክርክሬን ከዚህ በላይ የሚያስረዳልኝ ምሳሌ ብፈልግ አላገኝም።

ስለ ደንገል ካነሣሁ ብዙ ኢትዮጵያዊ የማያውቀውን አንድ ታሪክ መናገር አለብኝ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ሊያሳይም ተነሣ። ግብፅ ደንገሏን ጨርሳ ነበርና የተጠቀመበት ደንገል ከጣና የታጨደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በጊዛ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ጀልባ ሠሪዎች እጅ፣ ራ የተባለች መርከብ ተሠራች፤ ከሞሮኮ፣ ከሳፊ ወደብ ተነሥታ አብዛኛውን አትላንቲክ አቋረጠች፤ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ ግን ኋላዋ እየሰጠመ ፈረሰች። ከጥፋቱ ምክንያቶች አንዱ በጥንታዊው የግብፅ ሥዕል ላይ የሚታየው፣ የተጠማዘዘውን ጅራት ከወለሉ ጋር የሚይዘው ገመድ ጥቅሙ ሳይታወቅ መቅረቱ ነበር። ሥዕሉ ነበራቸው፤ ገመዱ ለምን እንደታሰረ የሚነግራቸው ሰው ግን አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛዋ ራ ተሠራች። አሁን የሠሩት ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ናቸው፤ አስተሳሰራቸው ሌላ ነበር፤ ትልልቁን ነዶ ሳይቆራረጥ በሚዞር ገመድ አጠበቁት። ይህችኛዋ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ደንገል ነው፤ ውኃውም ያው አትላንቲክ ነው፤ የተለወጠው እጁ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የጣና ደንገል ዓለምን ሲያስደንቅ ጣና ላይ ደንገል የሚያስሩት ሰዎች ስም ያለመነሣቱ ይቆጨኛል። ቁሱን ሰጠን፤ እጃችንን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም እነሆ አለን አላልንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ በቁም ነገር ልመልሰው። ታንኳ የድህነት መጓጓዣ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ሰው ያሰምጣል፤ ሞተር ጀልባ በሚገኝበት ዘመን የደንገል ነዶ ላይ ሰው ይቀመጥ ማለት ጭካኔ ነው ይላሉ። እውነት አለው። ማንም እናት ልጇን ለቅርስ ብላ በማዕበል ላይ አትልክም። ለመንገደኛ ትልቅ ጀልባ ይኑር፤ በቅርቡ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ጣና የገባችው ጣናነሽ ሁለት ለዚያ ናት፤ መልካም ሆነች። ዓሣ አጥማጁም የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። ነገር ግን ጣና የሚሸከመው የሚቸኩለውን መንገደኛ ብቻ አይደለም። ከዳርቻ ዳርቻ የሚዘዋወር ዓሣ አጥማጅ አለ፤ ነዳጅ መግዛት የማይችል፣ ቢችልም ለሃያ ዓሣ ሞተር ማስነሣት የማያዋጣው። ጥልቀት በሌለው የዳር ውኃ ታንኳ ያለ ድምፅ ይገባል፤ ዘይት አያፈስም፤ ሲያረጅ መሬት ላይ ይበሰብሳል እንጂ እንደ ፋይበር ግላስ ለልጅ ልጅ ቆሻሻ ሆኖ አይቆይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄው ሰውን ሁሉ በታንኳ እናሳፍር ወይ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከነክብሩ ይቀጥል ወይ ነው።

ክብር ካልኩ ዘንድ ስለ ነገደ ወይጦ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። እነዚህ ወገኖች ጣና ዙሪያ ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል፤ አብሮ መብላትና መጋባት ተከልክሎባቸዋል፤ የጥንት ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። ቋንቋው ሲጠፋ በጊዜው የመዘገበው የለም ማለት ይቻላል። አንዳንድ ቀና ሰዎች ታንኳ መሥራትን እንጠብቅ ስንል የወይጦን ልጅ ከአባቱ ሥራ ጋር ማሰር ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ፍትሐዊ ነው። የወይጦ ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን ከፈለገ መንገዱ ወለል ብሎ ሊከፈትለት ይገባል። ነገር ግን ሥራን ከሠሪው ጋር አብሮ ያዋረደው ማኅበረሰቡ ነው እንጂ ሥራው ራሱ ውርደት የለበትም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን ስንንቅ ኖረን ሥራቸውን በሌላ ዋጋ ከውጭ እየገዛን ነው። ታንኳ መሥራት እንደ ማንኛውም ሙያ የሚከፈልበት፣ የሚመረቅበት፣ ሌላው ወገንም ወዶ ሊማረው የሚችል ቢሆን የወይጦ ልጅ ሙያውን መተውም መያዝም የራሱ ምርጫ ይሆናል። ሙያ በልብ እንላለን፤ በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

በመጀመሪያ ከጠቀስኳቸው ሦስት ነገሮች ሦስተኛው ዳርቻው ነው፤ ያለ ደንገል ታንኳ የለምና። ደንገል ታጭዶ ከሥሩ መልሶ ይበቅላል፤ አጫጁ አያጠፋውም። የሚያጠፋው ሐይቁ ሲሸሽ ርጥቡን መሬት አጥሮ ማረስ፣ ረግረጉን ማድረቅና ከብት ያለ ልክ ማስማራት ነው። በእነዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ የተባለ አረም ተጨመረ። ደንገል ለታንኳ ሠሪ ቁስ ብቻ አይደለም። ጎርፍ ያመጣውን ደለል ያጣራል፤ ዓሣ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ ወፍ ይጠለልበታል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ግን በራሱ አንድ ዘለላ ደንገል አይተክልም። ይህ ነገር ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ ከጣና ይበልጥ ይቀርበናል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ መውጫ የሌለው ውኃ ነው። ከዙሪያው ተራራ ታጥቦ የገባ አፈር ተመልሶ የሚሄድበት የለም። ቆሮሶ ዓሣ እንኳ ሐይቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰው እጅ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ጫጩቱ የሚያድገው ግን በዳር ሣርና ቄጠማ ውስጥ ነው። ዳሩ ከታረሰ ዓሣውም፣ ታንኳውም፣ የዳርቻው ኑሮም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ጀልባ ማደስ ስል አናጢና ገመድ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ተዳፋት ላይ እርከን መሥራትም በእኔ ቆጠራ ጀልባ ማደስ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ ባሕር የሌለው አገር ስለ ጀልባ ምን አገባው የሚል ነው። ባሕር ስናጣ ባሕረኛነትን አልጣልንም። የኢትዮጵያ መርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመ ነው፤ የኢትዮጵያን ሰንደቅ የሚያውለበልቡ መርከቦች ከዚያ ወዲህ በውቅያኖስ ላይ ናቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ የሠለጠኑ ወጣቶች በዓለም መርከቦች ላይ መሐንዲስ ሆነው ያገለግላሉ፤ ከእነርሱ መካከል ባሕር ዓይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች አሉ። ይህ መልካም ነው፤ ግን ሁሉም የብረትና የሞተር እውቀት ነው፤ ከውጭ የመጣ ነው። የራሳችን የውኃ እውቀት፣ ነፋስን በቆዳ የሚለይ፣ ደንገልን በእጅ መዝኖ የሚያውቅ፣ ያለው ጣና ዳርና ሐይቅ ዳር ነው። ወደብ ያለን ቀን ይምጣም አይምጣም፣ ይህን እውቀት መጠበቅ የወደብ ጥያቄ አይደለም። እርግጥ ስለ ባሕር በር በሚደረገው ክርክር ሁሉም ስለ መርከብ ሲያወራ እሰማለሁ፤ ጀልባ መሥራት የሚችሉት ግን በስብሰባው አዳራሽ የሉም።

ምን ይደረግ? ከአዲስ ተቋም መጀመር አያስፈልግም፤ ያሉት ይበቃሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ በአዋጁ ቅርስ የሚባለው የድንጋይና የብራና ብቻ አይደለም። የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ተማሪዎቻቸውን ወደ ጣናና ወደ ሐይቅ ዳርቻ ልከው ታንኳ ሲሠራ ከመጀመሪያው አጨዳ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ በፊልም ይቅረጹ፤ ሲለካ ይለኩ፤ ሠሪው ለእያንዳንዱ ቋጠሮ የሚሰጠውን ስም ይጻፉ። ይህን ሲያደርጉ ሠሪውን እንደ መምህር ይክፈሉት፤ አሁን እየተደረገ እንዳለው ፎቶ አንሥቶ አመስግኖ መሄድ ይብቃ። የመርሳ ግብርና ኮሌጅ ደግሞ ከሁሉም የሚቀርበው ሥራ አለው። ስለ ርጥብ መሬት፣ ስለ ደንገልና ስለ ሐይቅ ዳር አያያዝ ያስተምር። ከዚህ ኮሌጅ ተመርቆ የሚወጣው የልማት ባለሙያ ነው ነገ የሐይቅን ዳርቻ ለእርሻ የሚሸነሽነው ወይም የሚያድነው። በየሙያ ማሠልጠኛው ያሉ የእንጨት ሥራ መምህራንም ለዓሣ አጥማጁ የሚሆን ትንሽ የሳንቃ ጀልባ መሥራትና መጠገንን ቢጨምሩ ከአልጋና ከቁም ሣጥን አይከብድም።

በመጨረሻ ለእናንተ፣ በተለይ ለወጣቶቹ፣ አንድ ልመና አለኝ። ከመርሳ ደሴ ስትሄዱ ሐይቅ ላይ ውረዱ። ወደ ውኃው ዳር ዝለቁና ጀልባ የሚሠራውን ወይም የሚጠግነውን ሰው ፈልጉ፤ ስሙን ጠይቁት፤ ከማን እንደተማረ፣ ማንን እያስተማረ እንዳለ ጠይቁት። ማንንም አላስተምርም ካላችሁ መጥታችሁ ለዩኒቨርሲቲያችሁ፣ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም፣ ለመምህሮቻችሁ ንገሩ። ሥራው ከዚያ ይጀመር።